ጓዳውን የከፈልን ጊዜ

ጡረታ የወጣሁ ቀን ያስረከብኩት የቢሮ ቁልፍ፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፍላሽ ነው። የተረከበችኝ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ጎበዝ ልጅ ናት። ፍላሹን ከፍታ ፕሮግራሞቹን ስታይ ቆየችና፣ «ኤዶ» አለችኝ። ኤዶ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ጅግጅጋ ውስጥ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ሁሉ ኤዶ ናት። «ሌላውን ሁሉ በትናንሹ ከፋፍላችሁ ለየቅርንጫፉ ሰጥታችኋል። ስም የሚያስተካክለውን ግን እዚህ አንድ ቦታ አስራችሁ ይዛችሁታል። ለምን?»

«ረጅም ነው» አልኳት። ኬክ እየተቆረጠ ነበር፤ በዚያ ሰዓት የሚወራ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄዋ አብሮኝ ተቀመጠ። መልሱን በጽሑፍ ማድረግ ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት።

ወደ ጅግጅጋ የመጣሁት ደርግ ወድቆ ክልሉ መሥሪያ ቤቶቹን በሚያቋቁምበት ጊዜ ነው። አሰበ ተፈሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ታይፕ ተምሬ ነበር። ባለቤቴ መምህር ሆኖ ተመደበ፣ ተከትዬው መጣሁ። የተቀጠርኩት በአንድ የምዝገባ ቢሮ ነው። ከድንበር ማዶ የተሰደዱትን፣ ከስደት የተመለሱትን፣ በድርቅ ከመንደራቸው የተነሡትን ሰዎች ስም መዝግቦ የሚይዝ ቢሮ ነበር። ደመወዙ ትንሽ፣ ነፋሱ ብዙ ነበር። ጅግጅጋ ሜዳ ላይ ስለሆነች ነፋስ የሚያቆምላት ነገር የለም፤ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ከታይፕራይተሩ ጥርስ ውስጥ አቧራ በብሩሽ ማውጣት ነበር።

ኮምፒውተር የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አብሮት አቶ ሮብሌ መጣ። ጅግጅጋ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ውጭ አገር ኮምፒውተር ተምሮ የተመለሰ ቀጭን ሰው ነበር፤ ጺሙን በሂና ያቀላል። ክፍሉ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩና ስሜን ጠየቀኝ።

«ዘነበች» አልኩት።

«ምን ማለት ነው?»

«ስወለድ ዝናብ ነበር።»

ሳቀ። «የኔም እንደዚያው ነው። ሮብሌ ዝናብ ይዞ የመጣ ማለት ነው፤ እናንተ ደገኞች ግን ረቡዕ የተወለደ ይመስላችኋል። ሁለት ዝናብ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ጅግጅጋን ተመልከቻት፣ አቧራ በአቧራ!»

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ኮርስ አልወሰድኩም። አጠገቡ ተቀምጬ እሱ የሚናገረውን እየጻፍኩ፣ ቀስ በቀስ የምጽፈው እየገባኝ፣ በኋላም እሱ ሳይናገር እየጻፍኩ ነው የተማርኩት። አለቆች መጥተው ሄደዋል። አንዱ ኮምፒውተሩ በባዶ ክፍል ሲበራ መብራት ይበላል ብሎ ሶኬቱን በቁልፍ ያስቆልፍ ነበር። ሌላው ደግሞ ለተጠየቀው ሁሉ «ኮምፒውተሩ ያውቃል» ይል ነበር። ሁለቱም ክፉዎች አልነበሩም።

ጓዳ የምለው ምን እንደሆነ ልናገር። በቢሮው ብዙ ፕሮግራም ነበር፤ የሚመዘግብ፣ ካርድ የሚያትም፣ ሰው የሚቆጥር፣ ሪፖርት የሚያወጣ። ሁሉም የሚፈልጉት የጋራ ነገር አለ። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ መመለስ፣ ዕድሜ ማስላት፣ ስም ማስተካከል፣ ገጽ ላይ መስመር ማሳመር። አቶ ሮብሌ እነዚህን በየፕሮግራሙ ከመድገም በአንድ ፋይል ሰበሰባቸው። እያንዳንዷ አንዲት የተወሰነች ሥራ የምትሠራ የትእዛዝ ቁራጭ ናት፤ ሌላው ፕሮግራም ሲፈልጋት በስሟ ይጠራታል፣ ሠርታ ትመልሳለች። ፋይሉ በየጊዜው አደገ። አዲስ ነገር ሲመጣ «እዚያው ክተቺው» ይለኛል፣ እከታለሁ። እናቴ ቤት ጓዳው ውስጥ ዱቄቱም ጋዙም የተሰበረው ጃንጥላም አብሮ ነበር የሚቀመጠው። አንድ ቀን «ይኼ እኮ የእናቴ ጓዳ ሆነ» ብዬ አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ ሶማሌውም ደገኛውም ፋይሉን ጓዳ ማለት ጀመረ።

ከጓዳው ዕቃ ሁሉ አቶ ሮብሌ የሚኮራባት ስም የምታስተካክለው ቁራጭ ነበረች። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። በዓረብኛ ዓይን የሚባለው፣ ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ በሲ ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ አብዲ የተባለ ሰው በሶማሌ ጸሐፊ እጅ ሲጻፍ ስሙ በሲ ይጀምራል። ያው ሰው እንደኔ ካለ ደገኛ ፊት ሲቀርብ፣ ጆሯችን ያንን ድምፅ ስለማይዘው፣ በኤ እንጽፈዋለን። አንድ አብዲ ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው።

«ሶማሌ ሦስት ስም አለው» ይል ነበር አቶ ሮብሌ። «የራሱ፣ የአባቱ፣ የአያቱ። አራተኛው ሰው የሚያውቀው ነው፤ አንካሳው፣ ረጅሙ፣ ጥርሶ። አምስተኛውን ደግሞ አንቺ ጨመርሽለት።»

ለዚህ ብሎ የመፈለጊያ ስም የሚባል ነገር ሠራ። ጸሐፊው ስሙን እንዳሻው ይጽፋል፤ የጓዳው ቁራጭ ደግሞ ከዚያ ስም ጀርባ ሌላ ስም ታስቀምጣለች። መጀመሪያ ላይ ሲ ካለ ትጥለዋለች፣ የተደረበውን አናባቢ ትነጥለዋለች። በሲ የተጻፈውም በኤ የተጻፈውም አብዲ አንድ ይሆናሉ። ሰው ሲፈለግ የሚፈለገው በዚህኛው ስም ነው፤ ሲገኝም፣ ካርድ ሲታተምም የሚወጣው ይኸው ስም ነው። በዚህች ቁራጭ ስንት ወንድምና እህት እንደተገናኘ ቆጥረን አናውቅም፤ ግን በመስኮታችን አጠገብ ሰዎች ተቃቅፈው ሲጮኹ ሰምተናል። አቶ ሮብሌ በዚያን ጊዜ ሻዩን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞሮ ይቆማል። ሻይ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጥም ነበር፤ የእሱም የሌላውም ብርጭቆ መስኮቱ ደፍ ላይ ነው።

ሌላ ልማድ ነበረው። ከጓዳው አንዲት መስመር ከመቀየሩ በፊት ሙሉውን ያሳትማል። ያ ጥግና ጥጉ ቀዳዳ ያለው ተያያዥ ወረቀት ከበሩ እስከ ግድግዳው ይዘረጋል። ጫማውን ያወልቅና ቀይ እስክሪብቶ ይዞ በወረቀቱ ዳር ዳር ይሄዳል። እያንዳንዷ ቁራጭ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

«ይህቺ ምን ትሠራለች?»

እነግረዋለሁ።

«ማን ይጠራታል?»

የሚጠሯትን ፕሮግራሞች እዘረዝራለሁ፤ እሱ በጠርዙ ላይ ይጽፋል። ካላወቅሁ ቁራጯ አትነካም። «ማን እንደሚጠራት ካላወቅሽ ተያት» ይለኝ ነበር። «ቤት ውስጥ ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት ሥራ የላትም ማለት አይደለም።»

ሸደር ላይ የስደተኞች ካምፕ በተከፈተ ዘመን ሥራው ከእጃችን በላይ ሆነ። ቅርንጫፎች ተከፈቱ፤ ሸደር፣ ቶጎጫሌ፣ በሽንሌ በኩል ደግሞ ኤረር። በከተሞቹ መካከል የኢንተርኔት መስመር የለም፤ ዳታው በፍላሽ ተጠቅልሎ በሚኒባስ ሹፌር ኪስ ነው የሚመጣው። የቅርንጫፎቹ ኮምፒውተሮች አሮጌ ስለነበሩ ጓዳውን ሲከፍቱ ይደርቃሉ። ይባስ ብሎ ለሸደር ብለን አንድ ነገር ስናስተካክል ቶጎጫሌ ካርድ ማተም ያቆማል። የዚያን ጊዜው አለቃችን አቶ ደረጀ ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ፣ ግን ችኩል ሰው ነበር።

«አቶ ሮብሌ» አለው አንድ ቀን በራችን ላይ ቆሞ፣ «አንድ ክብሪት የፈለገ ሰው ሱቁን ሙሉ ለምን ይሸከማል?»

«ልክ ነህ» አለ አቶ ሮብሌ። «መከፈል አለበት።»

ይህን የጻፍኩት እንዲታወቅ ነው። መክፈሉ ስህተት አልነበረም። እሱም አምኖበታል፣ እኔም አምኜበታለሁ።

ወረቀቱን ዘረጋን። ክፍሉ አልበቃ ብሎ ኮሪደር ድረስ ወጣ፤ ተላላኪዋ ፋጡማ በግድግዳው ተጠግታ እየተራመደች «ዛሬ ምን ልብስ ነው የምትሰፉት?» ትለናለች። አምስት ቦታ ልንከፍለው ተስማማን። ቀን፣ ስም፣ ቆጠራ፣ ሪፖርት፣ ኅትመት። እያንዳንዷን ቁራጭ ጠየቅናት፤ ምን ትሠራለች፣ ማን ይጠራታል። የአቶ ሮብሌ ዓይን ያኔ እየደከመ ነበር፤ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ጺሙ ሊነካው ይደርሳል። የስሙ ክፍል ጋ ስንደርስ ቀና አለ። «ይህቺን አውቃታለሁ። ንጹሕ ናት።» አለፍናት። ሥራው ሊያልቅ ሲል ለዓይኑ ሕክምና ወደ ሐርጌሳ ሄደ። የቀረውን እኔ ጨረስኩና ለየቅርንጫፉ የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ላክሁ። ማተሚያ ላለው ኅትመቱን፣ ሪፖርት ለሚያወጣ ሪፖርቱን። ኤረር ማተሚያ አልነበራትም። ስለዚህ ኅትመቱን አልላክሁላትም።

ሁሉም ደስ አለው። ኮምፒውተሮቹ ፈጠኑ። አቶ ደረጀ በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ።

የኤረር ቅርንጫፍ መዝጋቢ አቶ ለማ ይባላል። የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን የጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ሥራው ቢቆምም ንግግሩ ከሐዲዱ አልወረደም። ክፍሎቹን ከላክሁ ትንሽ ቆይቶ ደወለ።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ ማሽንሽ ክርስትና ታነሣለች እንዴ?»

«ምን ሆነ?»

«ጫልቱ የምትባል ሴት መዘገብኩ። ዛሬ ልፈልጋት ብል ሐልቱ ብላ ቁጭ! ጨመዳም ሐመዳ ሆኗል። ሰዎቹ ቢሰሙ እኮ ይደበድቡኛል። በባቡር ቋንቋ ይኼ ከሐዲድ መውጣት ነው።»

ሳቅሁ። የሆነው ወዲያው ገባኝ፤ እኛ ጫን እንደ እንግሊዝኛው በሁለት ፊደል፣ በሲና በኤች ነው የምንጽፈው፤ ቁራጯ መጀመሪያ ላይ ያገኘችውን ሲ ስትጥል ኤቹ ብቻውን ቀርቷል። ጅግጅጋ ላይ ሞከርኩት፤ ጫልቱ ጫልቱ ናት። ለምን ኤረር ላይ ብቻ እንደሆነ አላወቅሁም።

«አቶ ሮብሌ እስኪመለስ ጠብቅ» አልኩት።

«ሰልፍ አለ እኮ በሬ ላይ!»

በሳምንቱ ሲደውል «ያቺን ነገር አስተካከልኳት» አለኝ።

«ጎበዝ» አልኩት። እንዴት እንዳስተካከላት አልጠየቅሁም።

በዚያው ሰሞን ሂቦ መምጣት ጀመረች። ሂቦ ሸደር ካምፕ ያለች ሴት ናት። ከሞቃዲሾ ሲሸሹ አንዱ የጭነት መኪና ሞላ፤ ልጇን ከጎረቤቷ ጋር እዚያ ላይ አሳፍራ እሷ ሕፃን ይዛ በሁለተኛው ተከተለች። መኪኖቹ ሌላ ሌላ መንገድ ያዙ። ሕፃኑ መንገድ ላይ ሞተ። የልጅቷ ስም አነብ ነው፣ ወይን ማለት። ሸደር ያለው ጸሐፊ ሶማሌ ነበርና ስሟንም የአባቷን የአብዲንም ስም በሲ ጽፎ ላከልን፤ ቁራጯም ሲዎቹን ጥላ ፈለገች። የሁሉም ቅርንጫፍ መዝገብ ከነመፈለጊያ ስሙ በየወሩ ጅግጅጋ ይጠቃለል ስለነበር መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ።

መልሱ የለችም ነበር።

ሂቦ ግን ሚኒባስ በተገኘ ቁጥር ትመጣለች። አረንጓዴ ሻሽ ነበራት፤ ጫፉን በጥርሷ ይዛ ነው የምታወራው። በዚያን ጊዜ ሶማሊኛ አያስቸግረኝም ነበር።

«ኤዶ፣ መኪናሽ ዛሬስ ምን አለች?» ኮምፒውተሩን መኪና ነበር የምትለው።

«ዛሬም የለችም አለች።»

«እስቲ ደግመሽ ጠይቂያት። ምናልባት ጠዋት ስላልበላች ይሆናል።»

ስትስቅ አብረን እንስቃለን፤ ደግሜ እጠይቃታለሁ። ከዚያ አግዳሚው ወንበር ላይ እስከ መመለሻ ሰዓቷ ትቀመጣለች። ፋጡማ ሻይ ትሰጣታለች። ሌላ ሰው ስሙ ሲጠራ ቀና ብላ ታያለች።

መጨረሻ የመጣች ቀን አልተቀመጠችም። ጠረጴዛዬ ጋ ቆመች።

«ኤዶ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መኪናሽ ትዋሻለች?»

«አትዋሽም» አልኳት።

«ረስታም ቢሆን?»

«አትረሳም።»

ሻሿን ከጥርሷ ለቀቀች። «እንግዲያው ልጄ በዚህ አገር የለችም። ባሕሩን ተሻግራለች። እኔ ከዚህ ምን አደርጋለሁ?» አመሰገነችኝ፤ ፋጡማንም አመሰገነች። በቶጎጫሌ አድርጋ ወደ ባሕሩ እንደምትሄድ ነገረችን። እኔም መንገዱ አደገኛ እንደሆነ ነገርኳት።

አቶ ሮብሌ አንዱ ዓይኑ ድኖ፣ አንዱ ሳይድን ተመለሰ። አቶ ለማ ደግሞ ለስብሰባ ከኤረር መጣ። ሦስታችን ከቢሮው ፊት ለፊት ሻይ እየጠጣን አቶ ለማ የጫልቱን ነገር እያሳመረ ለአቶ ሮብሌ ያወራለት ጀመር።

«ሐልቱ! ሐመዳ! ሰው ስስቅ አይቶ አበደ አለኝ። በኋላ ግን ፋይሉን ከፍቼ ያቺን ሲ የምትጥል መስመር ፊቷ ላይ ኮከብ አድርጌ አሰርኳት። ቀጥ አለ! ከዚያ ወዲህ አንድ ስም አልተበላሸብኝም።»

ኮከብ መስመሩ ፊት ከተደረገ ማሽኑ ያንን መስመር አይሠራውም። አቶ ሮብሌ ብርጭቆውን አስቀመጠ። መሬት ላይ ነው ያስቀመጠው።

«መቼ ነው ያሰርካት?»

«ክፍሎቹ በመጡ ሰሞን።»

አቶ ሮብሌ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጫማውን አውልቆ ወረቀቱ ላይ በጉልበቱ ሲሄድ ዋለ። አገኘው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ጓዳው ገና ሲያድግ፣ በታተመ ካርድ ላይ የአንዲት ጫልቱ ስም ተበላሽቶ ነበር። ስህተቱ የታየው ካርድ ላይ ስለነበር ማስተካከያውንም ራሱ እዚያው፣ ከኅትመቱ ቁራጮች መካከል ከተተው። አንዲት ትንሽ ዝርዝር ናት፤ እነዚህ ሁለት ሁለት ፊደሎች አንድ ድምፅ ናቸው፣ አትለያዩአቸው የምትል። የስም ቁራጯ ሲ ከመጣሏ በፊት ሄዳ ያቺን ዝርዝር ትጠይቃለች። ካላገኘቻት ዝም ብላ ታልፋለች። ጅግጅጋ ላይ አምስቱም ክፍሎች ስለነበሩ ታገኛታለች። ኤረር ኅትመት ስላልተላከላት አላገኘቻትም። ጫልቱ ተበላሸች፤ አቶ ለማ ጫልቱን ለማዳን ሲን አሰረ።

«ማን ይጠራታል ብለን ጠየቅን» አለ አቶ ሮብሌ ከወረቀቱ ሳይነሣ። «እሷ ማንን እንደምትጠራ ግን አልጠየቅናትም።»

አቶ ለማ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እኔ እኮ» አለ፣ «ሶማሌዎቹን ያለ ችግር አገኝ ነበር። ባለፈው ወር እንኳ ሁለት ወንድማማች አገናኝተናል።»

እሱም እውነቱን ነው። ከኤረር የሚመዘገበው ሰው አብዛኛው ወረቀት የለውም። አቶ ለማ ደግሞ እንደኔ ደገኛ ጆሮ ነው ያለው፤ በጆሮው የሰማውን አብዲ በኤ ይጽፈዋል። በኤ የተጻፈ ስም የሚጣል ሲ ስለሌለው ይገኛል። የሚጠፉት ወረቀት የያዙት ነበሩ። የክትባትም ይሁን የትምህርት ቤት ካርድ ይዞ ለመጣ ሰው አቶ ለማ በጣም ይጠነቀቅ ነበር፤ ከካርዱ ላይ ፊደል በፊደል ይገለብጣል። ሲውንም አብሮ፤ መስመሯ ስለታሰረች ሲው አይጣልም፣ እኛ ግን ያለ ሲ ነበር የምንፈልገው። ማስረጃ የሌለው ተገኘ፣ ማስረጃ የያዘው ጠፋ። ለዚህ ነው ያልነቃነው።

ከኤረር መዝገብ በሲ የሚጀምሩትን ስሞች ብቻ አወጣሁ። ብዙ አልነበሩም። አነብ አብዲ፣ ከሞቃዲሾ፣ የክትባት ካርድ ያላት። እናት፣ ሂቦ። ክፍሎቹን በላክሁ በሦስተኛው ሳምንት ተመዝግባለች። ሂቦ እዚያ ወንበር ላይ ስትጠብቅ ልጇ ኤረር ነበረች፤ በአቶ ለማ ጎረቤት፣ ከዚያችው ካሳፈረቻት ሴት ጋር።

አቶ ለማ ለልጅቷ ሊደውል ስልኩን አወጣ። አቶ ሮብሌ እጁን ያዘው። «መጀመሪያ እናቷን እናግኝ። ባዶ ወሬ አንስጣት።»

በማግስቱ አቶ ሮብሌና እኔ በሚኒባስ ቶጎጫሌ ሄድን። ከጭነት መኪኖቹ መካከል እየዞርን አረንጓዴ ሻሽ ያላት ሴት አይታችኋል እያልን ጠየቅን። አንድ ደላላ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ኤዶ፣ እዚህ ሴት የሚፈልግ የኮበለለችበት ባል ነው። አንቺ ምን ሆነሽ?»

«ልጇ ተገኝታላት ነው» አለው አቶ ሮብሌ።

ደላላው ሳቁን ተወ። ራሱ እየመራን ከአንዱ ሹፌር ወደ አንዱ ወሰደን። በመጨረሻ አንዲት ውኃ ሻጭ አወቀቻት። ሻሿን በጥርሷ የምትይዘዋ፣ አለች። ባዶውን ወደ በርበራ ወደብ የሚመለስ መኪና ላይ ሰዎች ሲጫኑ አብራ ወጥታለች። ሳምንት አልፏል። ሹፌሩን ማን እንደሆነ አላወቀችም።

ወደዚያ ለሚሄዱ ሹፌሮች ሁሉ ስሟንና የቢሮውን ስልክ ጽፈን ሰጠን። አቶ ሮብሌ እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት ሁለት ጊዜ ጻፈው፤ አንዱን በሶማሌ አጻጻፍ፣ አንዱን በእኛ። በርበራ ያሉ ዘመዶቹንም አስጠየቀ። ጠበቅን። አልተገኘችም።

ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አልተቻለም። አቶ ለማ ኤረር ተመልሶ ልጅቷን ቢሮው አስጠራት፤ ከዚያ ደወለልንና ስልኩን ሰጣት። በእኛ በኩል ስልኩን የያዘው አቶ ሮብሌ ነበር። ወደ ጆሮው አስጠጋው፤ ከዚያ ለእኔ አቀበለኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ለዓይኑ ሕክምና ከሄደበት በቀር፣ ሥራ ለእኔ ትቶ ሲነሣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ማነው የጠራኝ?» አለች። ገና የልጅ ድምፅ ነበር።

«እናትሽ» አልኳት።

«የት አለች?»

የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። የምትመጣባቸውን ቀናት፣ ሻሿን፣ መኪናሽ ስላልበላች ነው ያለችውን። የት እንዳለች አናውቅም አልኳት። ጥፋቱ ከእኛ እንደሆነም ነገርኳት። ልጅቷ ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ስትፈልገኝ ስሜን ማን ብላ ነው የነገረቻችሁ?»

«አነብ።»

«ልክ ነው» አለችና ስልኩን ለአቶ ለማ መለሰችለት።

አቶ ሮብሌ ከዚያ በኋላ የስሙን ክፍል ከየቅርንጫፉ አስወጣው። ቅርንጫፎቹ የሰሙትን ወይም ያዩትን ስም እንዳለ ይልካሉ፤ የመፈለጊያ ስም የሚወጣው ጅግጅጋ ብቻ ሆነ። ያቺን የፊደሎች ዝርዝርም ከኅትመቱ አምጥቶ ከስም ቁራጯ ጎን አስቀመጣት። አቶ ደረጀ ሥራው መልሶ ይዘገያል ብሎ ተከራከረ፤ አቶ ሮብሌም «ይዘግይ» አለ። ዓይኑ ፈጽሞ እስኪከለክለው ድረስ ወረቀት መዘርጋቱን አልተወም፤ በኋላ እኔ አነብለት ነበር። ጥያቄዎቹ ግን ሦስት ሆኑ። ምን ትሠራለች? ማን ይጠራታል? ማንን ትጠራለች? አሁን በሕይወት የለም። ለተረካቢዬ ልጅ መልሱ ይኸው ነው።

አቶ ለማ ልጅቷን ትምህርት ቤት አስገባት። ሚስቱ «ስምንተኛ ልጃችን» ትላት ነበር። ዛሬ አነብ ኤረር ላይ ሱቅ አላት። በሹፌሮቹ በኩል ከበርበራ የመጣ ወሬ እስከ ጡረታዬ ቀን አልነበረም። ሂቦ ብትመለስ ብዬ ቢሮው በር ላይ የለጠፍኩትን የራሴን ስልክ ቁጥር ግን አላስነሣሁም፤ ስልኩንም ማታ ማታ ቻርጅ አድርጌው ነው የምተኛው።

አልፎ አልፎ ለአነብ እደውላለሁ። ስልኬ ላይ ሁለት ቦታ ተመዝግባለች፣ አንዱ በሲ፣ አንዱ በኤ። ቁጥሩ አንድ ነው። ስታነሣ ሰላም ከማለቷ በፊት ዛሬም «ማነው የጠራኝ?» ትላለች። እኔ ነኝ ስላት፣ «ደኅና ነሽ ኤዶ?» ትለኛለች።